ቁልቁለቱ አውቶማቲክ አይደለም

አማርኛ ለሯጭ ከሰጣቸው የክብር ስሞች ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የተገኘው ከጋራዥ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀውን ምሩፅ ይፍጠርን ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ይለዋል። ሌሎቹ ሯጮች ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ሲጨርሱ፣ እሱ ገና ያልተነካ አንድ ማርሽ እንደቀረው ሰው ድንገት ተስፈንጥሮ ይወጣ ነበርና። ይህ ስም ማብራሪያ አላስፈለገውም። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያቺን እጅ ያውቃታል፤ ካምቢዮውን ጨብጣ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጣ፣ አቀበቱ ሳይቀድማት የምትቀድመውን እጅ።

ቃላቱም ቢሆኑ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ሁሉም ከጣሊያን አፍ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ወጣ፣ ቃላቱ ቀሩ። ቀርተውም አማርኛ ሆኑ፤ ነጋዴው ማርሽ ይቀይራል፣ ፖለቲከኛው ማርሽ ይቀይራል፣ ትናንት የደገፈውን ዛሬ የሚያወግዝም ማርሽ ቀየረ ይባላል።

ዛሬ ግን ያቺ እጅ ሥራ እየፈታች ነው። የአዲስ አበባን አስፋልት ከሞሉት ቪትዞችና መሰል ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ ማርሻቸውን የሚቀይሩት ራሳቸው ናቸው። በዚህም ሰበብ በየካፌው፣ በየደላላው ደጃፍ፣ በየጋራዡ በር የማይቋረጥ ክርክር ተነሥቷል። አንደኛው ወገን «ማንዋል ኋላ ቀር ነው፤ በዚህ ዘመን ፍሪሲዮን እየረገጡ መኖር ምን የሚሉት ነው?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «አውቶማቲክ የሰነፍ መኪና ነው፣ የሴት መኪና ነው፤ ሹፌር ማለት ማንዋል የነዳ ነው» ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ሁለት ወገኖች ጠላት ይምሰሉ እንጂ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም መኪናን የሚለኩት በማዕረግ ነው። አንዱ በዘመናዊነቱ ሊኮራበት ይፈልጋል፣ ሌላው በወንድነቱ። መኪናው የት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚጭን፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን አልሰማሁም። የእኔ ጠብ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ ክርክሩን ራሳቸው ከሚወዱት ቦታ፣ ከስፖርት መኪናው ላንሣላቸው። የማንዋል ደጋፊው «እውነተኛ የስፖርት መኪና በእጅ የሚቀየር ነው፤ ከሰው እጅ የሚፈጥን የለም» ካለ፣ ተሸንፏል። የተሸነፈውም ዛሬ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተራው መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን አንድ ብቻ ነው። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ኃይል ይቋረጣል፤ ሞተሩ ለብቻው፣ ጎማው ለብቻው ይሆናል። ማርሹ እስኪገባና ፍሪሲዮኑ እስኪለቀቅ ያለችው ያች ቅጽበት በውድድር ላይ የባከነች ቅጽበት ናት። ባለሁለት ፍሪሲዮኑ ካምቢዮ ይህን ክፍተት የዘጋው በቀላል ብልሃት ነው። አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ማርሽን ለአንዱ ፍሪሲዮን ሰጠ፤ ሁለተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛን ለሌላው። መኪናው በሦስተኛ ሲሮጥ አራተኛው አስቀድሞ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። ጊዜው ሲደርስ አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው ይይዛል፤ ኃይሉ ተቋረጠ ለማለት እንኳ አይመችም። ይህን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። አይደክምም፣ አይናደድም፣ ሦስተኛን ፈልጎ አንደኛ አያስገባም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አዶልፍ ኬግረስ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። ፖርሼ በ1980ዎቹ 956 እና 962 በተባሉት የውድድር መኪኖቹ ላይ ፈተነው፤ ቮልስዋገን በ2003 በጎልፍ አር 32 ለገበያ አቀረበው። ከዚያ በኋላ ጎርፍ ሆነ። በ2007 የወጣው ኒሳን ጂቲ-አር እና በ2009 የወጣው ፌራሪ 458 በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ጨርሶ አልተሠራላቸውም። በፌራሪ ላይ የተፈረደን ፍርድ በካፌ ወሬ መቀልበስ አይቻልም። ፍጥነት ብቻ ከሆነ መለኪያው፣ መዝገቡ ተዘግቷል።

ታዲያ ፖርሼ ምን ሆነና ተመለሰ? እ.ኤ.አ. በ2013 911 ጂቲ 3 የተባለውን መኪናውን በባለሁለት ፍሪሲዮን ብቻ አወጣ። ደንበኞቹ አጉረመረሙ። በ2016 911 አር የተባለውን በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ብቻ ሠራ፤ በ2017 ደግሞ ጂቲ 3ንም ለፈለገው ሰው ማንዋል አደረገለት። ሰዎቹ ዘገምተኛውን ካምቢዮ የመረጡት ዘገምተኛ መሆኑን እያወቁ ነው። ገንዘባቸውን የከፈሉት እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ፣ መኪናው የሚያደርገውን በእጃቸውና በእግራቸው እንዲያውቁት ነው። ለሀብታሙ ይህ መዝናኛ ነው፤ አይከለከልም። ይሁንና ያ ገዢ በገንዘቡ የፈለገው ነገር፣ ማለት መኪናው የሚያደርገውን ማወቅ፣ እኛ ዘንድ ከመዝናኛ ያለፈ ዋጋ አለው። ይህን ለማየት ከውድድር ሜዳው ወጥተን በአንዱ መንገዳችን ላይ መውረድ ይበቃል። እኔ የምመርጠው ከጎንደር መተማ ያለውን ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባትና ስማቸውን የያዘችው መተማ ዮሐንስ ደግሞ 700 ሜትር እንኳ አትሞላም። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዘዞ ተነሥቶ በጭልጋ አይከል አልፎ፣ ወደ ነጋዴ ባሕርና ወደ ገንዳ ውሃ ተንደርድሮ፣ በኮኪት በኩል ከሱዳን ጠረፍ ይደርሳል። ከደጋ የተነሣ መኪና ጋቢና ለብሶ ወጥቶ ሸሚዙን አውልቆ እንደሚገባ መንገደኛ ነው። ከላይ ብርድ፣ ከታች በበጋ 40 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ቁልቁለት።

በዚህ መንገድ የሚወርደውና የሚወጣው ማን ነው? የሰሊጥና የጥጥ ጭነት ነው፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ወደ ቆላው የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ነው። በአውቶቡስ ወንበር፣ አንዳንዴም በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ነፍሱን ለአንድ ሰው እጅና እግር አደራ ሰጥቶ ይወርዳል። የማያውቀው ሹፌር ማርሽ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሰው የካፌ ወሬ አይደለም።

ቁልቁለት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። ሃያ ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ያወጣው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ቁልቁል ሲወርድ ተመልሶ ይመጣል። መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር ቀጥታ መቶ ሜትር ወደ ታች ሲወርድ፣ የሆነ ነገር ሊውጠው የሚገባው ጉልበት ሦስት ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛ አንሥቶ እስኪፈላ የሚያደርስ ነው። ይህ በየመቶ ሜትሩ ነው። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን የሚውጠው ወይ ፍሬን ነው ወይ ሞተር። ፍሬን ከዋጠው ይግላል፤ ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይከዳል። በማግስቱ በራዲዮ «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚጀምር ነው። ፍሬኑ ግን ከመሬት ተነሥቶ እምቢ አላለም። ሞተሩ ሊካፈለው የሚገባው ሸክም በሙሉ ተጭኖበት ነው የወደቀው።

የድሮ ሹፌሮች ይህን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁታል። ሕጋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። በከባድ ማርሽ የተያዘ መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑ ለክፉ ቀን ይተርፋል። ረዳቱም ታኮውን ይዞ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ የሹፌሩን እጅ እያየ ይህን ሲማር ኖሯል። ትምህርት ቤቱ መንገዱ ነበር፤ መምህሩም ካምቢዮው።

እዚህ ላይ የአውቶማቲክ ወዳጅ ይነሣና «አውቶማቲክም እኮ በሞተር ይይዛል» ይለኛል። ልክ ነው። በማርሽ መምረጫው ላይ ከ«ዲ» በታች «2»፣ «ኤል» ወይም ሌላ ምልክት ያለው ለዚህ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ወደዚያ ካወረዱት መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ይያዛል። ግን እስቲ በየመንገዱ አውቶማቲክ የሚነዱ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ያቺን ፊደል ነክተዋት ያውቃሉ? ምን እንደምትሠራስ የነገራቸው አለ? «ዲ» ላይ አድርጎ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ መንዳት ተብሎ የተማረ ሰው፣ ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት ያለ ችግር ይነዳል። ከጭልጋ በታች ግን አሥር ዓመቱ ምንም አልነገረውም።

የማንዋል ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ያስገድዳል። ማርሹ ካልተስማማ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ነጂው የመኪናውን ክብደትና የመንገዱን ዘንበል በየደቂቃው እንዲያስብ ያደርገዋል። አውቶማቲክ በበኩሉ አለማወቅን ይቅር ይላል፤ ይቅርታው የሚያበቃው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። አውቶማቲክ መኪና መጥፎ መኪና አይደለም። በመገናኛና በሜክሲኮ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሚያመሽ ጉልበት ከእግዜር የተሰጠ ቅጣት አይደለምና ማረፍ ይገባዋል። እግሩ የታመመ ወይም የጎደለ ሰው መንዳት የቻለው በአውቶማቲክ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «የሴት መኪና» የሚለውን ስድብ በተመለከተ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር ጾታ የለውም፤ ገደል የሚገባ ትዕቢት ግን አብዛኛውን ጊዜ አለው።

ለማንዋል ጀግኖችም የተቀመጠ ነገር አለኝ። «እኔ ሹፌር ነኝ» ብሎ ደረቱን ከሚነፋው መካከል ቁልቁለት ሲያይ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን የሚለቅ አለ። ይህ ሰው ካምቢዮ ይዞ ካምቢዮ የሌለው ነው። ሞተሩን ከጎማው ፈትቶ ሸክሙን በሙሉ በፍሬን ላይ ጥሎታል። ቁጠባውም ቢሆን ውሸት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ፣ በአሁኖቹ ሞተሮች ወደ ሲሊንደር የሚሄደው ነዳጅ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። በዜሮ የሚወርድ ሰው በሰው ነፍስ ቆማሪ ከመሆኑ ሌላ ያተረፈው ሳንቲም የለም። ማንዋል መንዳት ብቻውን ማዕረግ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደዚያ አስደናቂ ወደተባለው ባለሁለት ፍሪሲዮን ልመለስ። በውድድር ሜዳ ያሸነፈው ካምቢዮ በእኛ መንገድ ምን ይሆናል? በተራ መኪኖች ላይ ከተገጠሙት ከፊሎቹ ፍሪሲዮናቸው በዘይት የማይቀዘቅዝ ደረቅ ነው። አቀበት ላይ በዝግታ እየተንፏቀቁ መሄድ፣ መቆምና እንደገና መነሣት ለደረቅ ፍሪሲዮን መከራ ነው። ግማሽ ይዞ ግማሽ እየተንሸራተተ ይግላል። ይህ በቀዝቃዛ አገርና በጥሩ መንገድ ላይ ሳይቀር ጉድ አፍልቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቮልስዋገን በቻይና በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ችግር ከ380 ሺሕ በላይ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ፎርድ ደግሞ በአውስትራሊያ፣ ፓወርሺፍት በተባለው ባለሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮው የተማረሩ ደንበኞችን በአግባቡ ባለማስተናገዱ በ2018 ፍርድ ቤት 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አስቀጥቶታል።

እንግዲህ ያ ካምቢዮ ከገንዳ ውሃ በላይ፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ አቀበት ላይ አልሄድም ቢልስ? በእጅ የሚቀየረው ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ አስቀድሞ ይናገራል፤ ይሸታል፣ ይንሸራተታል፣ ፔዳሉ ይለወጣል። ካምቢዮውን አውርዶ ሸራውን መቀየር የሚችል መካኒክ በየወረዳ ከተማው አይጠፋም፤ ክሪክ፣ ቁልፍና ሁለት ብርቱ ክንድ ይበቃዋል። ባለሁለት ፍሪሲዮኑ ግን ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ከኮምፒውተር ጋር ተነጋግሮ ስሕተቱን የሚያነብ፣ ከጥገና በኋላም ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ እንደገና የሚያስተምረው ሰው ይጠይቃል። መኪናው ብልህ ነው፤ ብልሃቱ ግን ሌላ አገር ነው ያለው። አንድን መሣሪያ መግዛት ስልጣኔ ከሆነ፣ መጠገን ደግሞ ምን ሊባል ነው? ያልጠገንነው ነገር የእኛ የሚሆነው እስኪበላሽ ድረስ ብቻ ነው።

«ይህ ሁሉ የሞተ ክርክር ነው» የሚሉኝም እንዳሉ አውቃለሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ አብዛኞቹ ያላቸው የማይቀየር አንድ ማርሽ ብቻ ነው። ከፍሬን ጉዳይ አንጻር እንዲያውም የሚያስመሰግን ነገር አላቸው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን ይይዛል፤ ያን ጀሪካን ሙሉ ውሃ የሚያፈላ ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ከጎንደር ወደ መተማ ለሚወርድ መኪና ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላውቅም።

ይሁን እንጂ ልብ በሉ። ባትሪው ገና ከቤት ሲወጣ ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውምና ያ አያያዝ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ተመልሶ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ይህን የማያውቅ ነጂ በኤሌክትሪክ መኪናም ይሞታል። በሌላ በኩል የሚኒስቴሩ ቃል የነካው አውቶሞቢልን ነው። ሰሊጡን የሚያወጣው የጭነት መኪና፣ ሠራተኛውን የሚያወርደው አይሱዙና አውቶቡስ ዛሬም ናፍጣ ጠጪ፣ ዛሬም ባለፍሪሲዮን ናቸው። አሁን ያለው አደጋ ይህ ነው። የከተማው ልጅ ፍሪሲዮን በሌለው አውቶሞቢል ያድጋል፤ ነገ ግን እንጀራ ሲፈልግ የሚጠብቀው መሪ የጭነት መኪና መሪ ነው። ረዳት ሆኖ ሳይማር፣ ታኮ ሳይዝ፣ የሞተር ድምፅ ሳይለይ፣ አርባ ኩንታልና አርባ ነፍስ ይዞ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ይቆማል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ወገን፣ መኪና አቁሞ ማሳየትንና ዞሮ መመለስን እንደሚፈትን ሁሉ ቁልቁለትን ይፈትን። ሕዝብና ጭነት ለማውረድ የሚፈልግ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ይማር፤ በእውነተኛ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን ሳያግል፣ በሞተር ይዞ መውረዱን ያሳይ። አውቶማቲክ ብቻ የተማረም «ዲ» ከሚለው ፊደል በታች ያለውን ሳያውቅ ከማሠልጠኛው በር አይውጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ሻጩ የባትሪውን ርቀት እንደሚያወራ ሁሉ ስለ ቁልቁለት አያያዙም ይናገር። አውቶቡስ ያሰማራ ባለሀብት በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሹፌሩን ነዳጅ ቆጠበልኝ ብሎ ከሚያመሰግን ይልቅ ከመሪው ያውርደው።

የካፌው ተከራካሪ ግን ፌራሪውንና ፖርሼውን ይዞ መቀጠል ይችላል። ማን እንደሚፈጥን ከታወቀ ቆይቷል። በመጪው የሰሊጥ አጨዳ ከአይከል በታች ስላለው ቁልቁለት የሚያስበው ግን ሌላ ሰው ነው፤ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ስንቁን በጭኑ አስቀምጦ ሹፌሩ ማርሽ ሲያወርድ የሚሰማውን ድምፅ የሚጠብቀው።